ያልዋኘሁበት ሐይቅ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ምድር ቤት ያለችው ጎረቤታችን የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በበረኪና ስታጥብ ደረስኩ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ የያዝኩትን ፌስታል ግድግዳው ሥር አስቀምጬ ቆምኩ።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀና ብላ።

«አይ፣ ደረጃው አድክሞኝ ነው» አልኳት። ገና አንዱንም ደረጃ አልወጣሁም ነበር።

የመዋኛ ገንዳ ውኃ የሚሸተው እንደዚያ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ ፀጉሬም፣ ልብሴም፣ ደብተሬም በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ኑሪያ «ሜሪ፣ እናትሽ ከነጭ ልብስ ጋር ነው እንዴ የምትዘፈዝፍሽ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ነው። አባቴ ታክሲ ተራ ያስከብራል። ማዞሪያው ላይ ቆሞ ሚኒባሶቹን በየተራቸው ያስገባል፣ ሾፌርና ወያላ ሲጣሉ ይገላግላል፣ ወረፋ የሚያልፈውን ይቆጣል። ስሙ ግርማ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ግን እናቴ ብቻ ነበረች። ሠፈሩ ሁሉ «ባህር ኃይል» ነው የሚለው። በወጣትነቱ ምፅዋ ላይ መርከበኛ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መርከቦቹ ተበተኑ፣ ጓደኞቹም በየአገሩ ቀሩ፤ እሱ ከብዙ መከራ በኋላ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ደረቅ መሬት ላይ ነው።

ይህን በልጅነቴ በትክክል አልተረዳሁትም። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ «ባህሩ ከሄደ በኋላ» ሲሉ እሰማለሁ። ባህሩ እንደ ሰው ተነስቶ የሄደ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ ባህሩ የት ሄደ?» ብዬ ስጠይቀው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቋርጦ «እዚያው ነው ያለው። የሄድነው እኛ ነን» አለኝ። ይሄም አልገባኝም። እንግዲያው አባቴ አንድ ነገር አጥፍቶ ከባህሩ ተባሮ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ትራያትሎን የሚባለውን ቃል ያመጣብን የስፖርት አስተማሪያችን ቲቸር ሙሉጌታ ነው። አንድ ጠዋት ሰልፍ ሲፈታ ኑሪያንና እኔን አስቀረንና «እናንተ ሁለታችሁ ትራያትሎን ትሄዳላችሁ» አለን። የከተማ ስም መሰለኝ። ኑሪያም መስሏት ኖሮ «ቲቸር፣ አዳር ከሆነ ቤት አይፈቅዱልኝም» አለችው።

ከልቡ ከሳቀ በኋላ አስረዳን። መጀመሪያ ይዋኛል፤ ከውኃ እንደወጡ ሳይክል ይነዳል፤ ከሳይክል እንደወረዱ ይሮጣል፤ መሀል ላይ ዕረፍት የለም። የካቲት ላይ ከየክልሉ የመጡ ታዳጊዎች በብዙ ዓይነት ስፖርት የሚገናኙበት ውድድር አለ፤ የሚካሄደውም በደቡብ በኩል በአንዲት የሐይቅ ከተማ ነው። በትራያትሎን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት ልጆች ማሠልጠኛ ይገባሉ፤ እዚያው እየኖሩ፣ እየበሉ፣ እየተማሩ ይሠለጥናሉ። ኑሪያ ሩጫ ላይ ወንዶቹን ሁሉ ትቀድማለች፣ ሳይክልም ወንድሟ አስተምሯታል። እኔን ለምን እንደመረጠኝ ግን ግራ ገባኝ። በኋላ ስሰማ «የባህር ኃይል ልጅ ዋና ሳትችል አትቀርም» ብሎ ነው። አልችልም ነበር። ከባኞ የሚበልጥ ውኃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

እራት ላይ ለቤት ነገርኩ።

«ትራ ምን?» አለች እናቴ። «በኢየሱስ ስም! በሽታ ነው እንዴ?»

«ስፖርት ነው እማዬ። ዋና፣ ሳይክል፣ ሩጫ።»

አባቴ ወደ አፉ ሊያደርስ የነበረውን ጉርሻ መለሰው። «ዋና አለው?»

«አዎ፣ መጀመሪያ ዋና ነው።»

«መጀመሪያ!» አለ። «የት ነው የሚዋኘው? ገንዳ ውስጥ?»

«ሐይቅ ነው አለን ቲቸር።»

እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ። እኔና እናቴ ተያየን። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ስመለከት፣ ግቢው መሀል ቆሞ እጆቹን በየተራ ወደፊት እየወረወረ አየሩን ይቀዝፋል። አጎንብሶ፣ አንገቱን ወደ ጎን እያዞረ ይተነፍሳል። የጎረቤት ልብስ የተሰጣበት ገመድ ፊቱ ላይ እየመጣበት እንኳ አላቆመም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየቅዳሜው ጎህ ሳይቀድ እንነሳ ነበር። በከተማው ሌላኛው ጫፍ ያለ የአንድ መዋኛ ጠባቂ የአባቴ የመርከብ ጓደኛ ነው፤ ደንበኛ ሳይመጣ ያስገባናል። ኑሪያም አብራን ትመጣለች። አባቷ መርካቶ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ «ከጋሽ ግርማ ጋር ከሆነች ትሂድ» ብለው ፈቅደውላት ነበር። ከወንድሟ የወረሰችውን ረጅም ጥብቅ ሱሪና እጅጌ ሙሉ ካናቴራ ለብሳ፣ ፀጉሯን በጎማ ቆብ ሸፍና ትገባለች።

የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። የገንዳው ውኃ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ይነክሳል፤ ደረት ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያሳጣል። አባቴ ዳር ቆሞ ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ይዘረጋልናል፤ ስንፈራ እሱን እንይዛለን።

«ከውኃ ጋር አትጣሉ!» ይላል። «ከተጣላችሁት ያሸንፋችኋል። ተኙበት። ሜሪ፣ ራስሽን ዝቅ አድርጊ! ሰማይ ሰማዩን ማየት ምን ያደርግልሻል?»

እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን አልገባም። ሱሪውን እንኳ አይሰበስብም። አንድ ቀን ከንፈሬ እየተንቀጠቀጠ «አንተስ ለምን አትገባም?» አልኩት።

«ገንዳ አልወድም።»

«ለምን?»

«ዳር አለዋ!» አለኝ።

ነገሩን ሳብላላው ቆየሁና አንድ አስደንጋጭ ሐሳብ መጣብኝ፤ አባቴ ዋና አይችልም። ከባህሩ የተባረረውም ለዚህ ነው። ታክሲ ተራ ላይ የሚያወራው የማዕበል ወሬ ሁሉ ውሸት ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ስለ እሱ አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ አሳዘነኝ። ምስጢሩን ልጠብቅለት ወሰንኩ። ኑሪያ «አባትሽ ሲዋኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ «ብዙ ጊዜ!» አልኳት።

ዋናው ግን ገባኝ። እንዴት እንደሆነ ልናገር አልችልም፤ አንድ ቀን እንጨቱን ለቀቅኩና ውኃው ያዘኝ። ታኅሣሥ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳልቆም እመላለስ ነበር። ሳይክሉ ግን ከበደኝ። ቲቸር ሙሉጌታ ሁለት ሳይክል ከየትም ከየትም ብሎ አምጥቶልን እሑድ እሑድ በአስኮ አድርገን ወደ ቡራዩ እንነዳለን። ኑሪያ በሲኖትራኮቹ መሀል ሽው ብላ ትጠፋለች፤ እኔ ጉልበቴን ተገሽልጬ፣ በጭስ ጠቁሬ ከኋላ እደርሳለሁ። እሷ በበኩሏ ገንዳ ስትገባ እንጨቱን አልለቅም ብላ ታለቅሳለች። እንደምንም ውሻ እንደሚዋኘው እየተፍጨረጨረች መሻገር የጀመረችው ጥር መጨረሻ ላይ ነው።

አባቴ አንድ እቅድ ነበረው፤ በሚኒባስ ስንመለስ በጆሮዬ ይደጋግምልኛል። «ከሐይቁ ስትወጪ ማንም አጠገብሽ አይኖርም። ሳይክል ላይ ይደርሱብሻል፣ ይድረሱብሽ። ሁሉም ግን አይደርሱብሽም። ሦስተኛ ከወጣሽ በቂያችን ነው።»

«በቂያችን» ነበር የሚለው። በዚያ ዓመት አባቴ ተለወጠ። ሲስቅ ጥርሱ ይታይ ጀመር። ካቲካላ ቤት መቆሙን ተወ። ከሣጥኑ ሥር አንድ ነጭ የመርከበኛ ሸሚዝ አውጥቶ ለእናቴ እንድታጥብለት ሰጣት፤ እስከዚያ ቀን ሸሚዙ መኖሩንም አላውቅም ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለ እኔ ጾምና ጸሎት አስያዘች። «ጌታ ሆይ፣» ስትል ሰማኋት ልብስ እያጠፈች፣ «ለልጅቱ ብለህ ባይሆን ለግርማ ብለህ።»

የካቲት ደረሰና በቡድኑ አውቶቡስ ተጓዝን። አባቴ በማግስቱ በሕዝብ ማመላለሻ ሊመጣ ተስማማን። ስልኩን ለእናቴ ትቶላት ነበር የሚመጣው፤ ቲቸር ሙሉጌታ እየደወለ ውጤቱን እንዲነግራት። ስንሰነባበት ትከሻዬን ይዞ «ከውኃ በምትወጪበት ቦታ ፎጣ ይዤ እቆማለሁ። ሌላ ቦታ አትፈልጊኝ፣ እሺ?» አለኝ።

«እሺ አባዬ።»

ከተማዋ እንደደረስን ሐይቁን አየሁት። ዳር አልነበረውም። ማዶው ጭጋግ ነው። ልምምድ ላይ ከብርቱካናማዎቹ ተንሳፋፊ ምልክቶች አንዱን ዞሬ ስመለስ ቲቸር ሙሉጌታ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። ከዚያ «ኧረ አንቺ ልጅ!» አለ። በዚያ ቀን ውኃ ውስጥ የገባነው ጥቂት ነበርን። ሌሎቹ ዳር ላይ እግራቸውን ብቻ ነክረው እየተጯጯሁ ሲረጫጩ አየሁ። እየተጫወቱ መሰለኝ።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን አመሻሽ ላይ አሠልጣኞቹ ለስብሰባ ተጠሩ። ቲቸር ሙሉጌታ ሲመለስ ፊቱ ተቀይሯል። በምናድርበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ተናገረ።

«ዋናው ተሰርዟል። ሩጫ፣ ሳይክል፣ ከዚያ እንደገና ሩጫ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» የሚል ቃል ከኑሪያ አፍ አመለጠ። ወዲያው እኔን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ለምን?» አልኩ።

«ጉማሬ ታይቷል ተባለ» አለ ቲቸር ሙሉጌታ፤ ዓይኔን አላየኝም።

«አባቴስ? ዋና መስሎት ነው የሚመጣው።»

«ያረፈበትን ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። የሆነ ቤርጎ ውስጥ ነው፤ በዚያ ከተማ ደግሞ ቤርጎ እንደ አሸዋ ነው።

ጀንበር ሳትጠልቅ ከኑሪያ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። ጉማሬውን ማየት ፈልጌ ነበር። በጣም ጠልቼዋለሁ፤ ግን ደግሞ ካየሁት የሚሻለኝ መሰለኝ። ዓይኔ እስኪደክም ውኃውን ሳስስ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎችና የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ብቻ ነው ያየሁት። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ የከተማው ልጆች ዕርቃናቸውን እየዘለሉ ይዋኛሉ።

«ውጡ! ጉማሬ አለ! ይበላችኋል!» ብዬ ጮህኩላቸው።

ተሳሳቁብኝ። አንዱ በጀርባው ተንሳፍፎ እጁን አውለበለበልኝ። ጉማሬው ይበላቸዋል ብዬ አዝኜላቸው ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ሩጫ መሀል ላይ ሆኜ ጨረስኩ። ሳይክል ላይ ስወጣ ግን አንድ በአንድ ያልፉኝ ጀመር። መንገዱ በሐይቁ ዳር የሚሄድ አስፋልት ነው። ትላንት የመዋኛው መውጫ ወደነበረው ቦታ ስጠጋ ብርቱካናማዎቹ ምልክቶች ከውኃው ተጎትተው ሳሩ ላይ ተከምረዋል። ከአጠገባቸው አንድ ሰው ብቻውን ቆሟል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ቆሟል።

«አባዬ!»

ዞረ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ፀጉሬን አየ። ደረቅ ነበር። አንዴ ሐይቁን፣ አንዴ እኔን ተመለከተ። እጁ ፎጣውን ሊያወርድ ጀምሮ መሀል ላይ ቀረ። ፍሬን ልይዝ ስል ከኋላዬ የምትመጣው ልጅ «ምን ሆነሻል፣ ንጂ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝና አለፍኩ።

እንዴት እንደጨረስኩ አላስታውስም። ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው የገባሁት። ኑሪያ ሁለተኛ ወጥታ ነበር፤ ባንዲራ አልብሰዋት እያለቀሰች ዓይኗ ይፈልገኛል። አቀፍኳት። «ውኃው ቢኖር አንቺ ነበርሽ፣ ወላሂ አንቺ ነበርሽ» እያለች አንገቴ ላይ ተንሰቀሰቀች።

አባቴን የዳኞቹ ድንኳን ጋ አገኘሁት። ቱታ ከለበሰ አንድ ወጣት ኃላፊ ፊት ቆሟል።

«ልጄ ዋናተኛ ናት» ይላል። «ብቻዋን ትዋኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰዓት ያዙላትና እዩዋት።»

«ጋሼ፣ ውድድሩ እኮ አልቋል።»

«ስለ ውድድሩ አላልኩም። እዩዋት ነው ያልኩት።»

«ጉማሬ አለ ተባለ እኮ አባባ። ለእሷም አደጋ ነው።»

አባቴ ሐይቁን አየ። ፎጣውን ለእኔ ሰጠኝ። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀመጠና ከነሸሚዙ፣ ከነሱሪው ወደ ውኃው ገባ። ልይዘው ሮጥኩ። ምስጢሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ዋና አይችልም፣ ይሰጥማል! «ያዙት! አይችልም!» ብዬ ጮህኩ። ውኃው ወገቡ ላይ ሲደርስ አጎነበሰና ተኛበት።

እንደዚያ ሲዋኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ውኃው አይረጭም፣ አይንቦጫረቅም፤ ተከፍሎ ያሳልፈዋል። እጆቹ ሳይቸኩሉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ምልክቶቹ ተተክለውበት የነበረውን ቦታ አልፎ ሄደ። ፖሊስ ፊሽካ ነፋ። ሰዉ ከሽልማቱ ዞር ብሎ ዳር ላይ ተሰበሰበ፤ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። «ሰክሯል» አለ አንዱ። «ዕብድ ነው፣ ተዉት» አለ ሌላው። ነጩ ሸሚዝ እያነሰ እያነሰ የወፍ ያህል ሆነ። ያኔ አንድ ነገር የገባኝ መሰለኝ፤ ውኃ ሁሉ ይገናኛል፣ አባቴ ወደ ባህሩ እየሄደ ነው፣ አይመለስም። «አባዬ፣ ና! ተመለስ!» እያልኩ እስኪደክመኝ ተጣራሁ።

ሩቅ ቦታ ላይ ቆመ። በጀርባው ተንሳፍፎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ምንም የሚነካው ነገር አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ሲወጣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ፎጣውን ደረብኩለት። ኃላፊው ፊት ቆሞ «ምንም የለም» አለው። «ሄጄ አየሁ። ምንም የለም።»

ወጣቱ ዙሪያውን ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። መጥፎ ሰው አልነበረም። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አብዛኞቹ ልጆች ዋና አይችሉም። ትላንት ልምምድ ላይ አየናቸው። አንድ ልጅ ቢሰጥምብንስ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

ፖሊሱ የአባቴን ክንድ ሊይዝ ሲመጣ ኃላፊው በእጁ ከለከለው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አነሳ፤ እግሩ እርጥብ ስለነበር አልገባ አለው። ተንበርክኬ ላጠልቅለት ስሞክር ቆመና ጠበቀኝ። እንዲያ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ልጅ የሆነው እሱ መሰለኝ።

«አየሁህ እኮ» አልኩት። «ስትዋኝ አየሁህ።»

ጸጉሬን ዳሰሰኝ።

ኑሪያ ማሠልጠኛ ለመግባት ልብሷን ልትሰበስብ በቡድኑ አውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሰች፤ እኔ ከአባቴ ጋር በሕዝብ ማመላለሻ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ መስኮቱን እያየ ሄደ። ሸሚዙ ገላው ላይ ደረቀ። አንዴ ብቻ ወደ እኔ ዞሮ «ርቦሻል?» አለኝ። ርቦኝ ነበር፤ አልራበኝም አልኩት። ቤት ስንደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየችና ለአባቴ ውኃ አሞቀችለት።

እኔ ግን ነገሩ ያለቀ አልመሰለኝም። በልጅ አእምሮዬ ለሚቀጥለው ዓመት ማሰብ ጀምሬ ነበር። በመጣው ቅዳሜ ከማንም ቀድሜ ተነሳሁ፤ የመዋኛ ልብሴንና ቆቤን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ጫማዬን አሥሬ፣ ከአልጋው አጠገብ ቆምኩ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። አተነፋፈሱን አውቀዋለሁ፤ እንቅልፍ አልነበረም።

«አባዬ፣ ረፈደብን እኮ።»

ትከሻውን ነካ አደረግኩት።

«አባዬ።»

«አንቺ ዋና ታውቂያለሽ» አለኝ፣ ሳይዞር። «ጨርሰናል።»

ድምፁ ላይ ቁጣ ቢኖርበት ደስ ባለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ውጪ የመጀመሪያው ሚኒባስ ወያላ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ይጣራል። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ነግቶ፣ እሱም ተነስቶ ወደ ተራው እስኪሄድ ድረስ ቦርሳዬን አቅፌ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።